ቁራኛ

የጃህራ ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የአፈጻጸም ክፍል፤
ግብጻዊው ጸሐፊ፣ ዑስታዝ ረእፈት፣ ማኅተሙን ሲተክል
«መብሩክ» አለኝ፣ «መብሩክ፣ ያ ሐዋእ፣ ረትተሻል።»
ወረቀቱ ትኩስ ነው፤ ቀለሙ ጣት ያጨቀያል።

የአሥራ አራት ወር ደሞዝ፣ በወር ዘጠና ዲናር፤
ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ፣ አንዲት ፊልስ ሳትቀር
በአኃዝም በፊደልም። ስሜ ብቻ ተጣሟል፤ ሐዋ ይመር
«ሐዋእ ዑመር» ተብዬ ረታሁ። ይሁን፤ እሱ ይቅር።

«እንግዲያው ገንዘቤን ስጡኝ» ስለው ሳቀ ሰውየው።
«ፍርድማ አገኘሽ፤ ገንዘብ የሚያመጣው ሌላ ነው።
ባለዕዳሽ ወታደር ነው፤ ሰፈሩ ከድንበሩ ጫፍ፤
መልእክተኛ ልከን ነበር፤ ዘቡ ከበር አላሳልፍ
ብሎት፣ ሁለት ሰዓት ቆሞ፣ ትእዛዙን እንደ ማራገቢያ
እያራገበ ተመለሰ።
የጦር ክፍሉ ቁጥር ስንት ነው? እዚህ ላይ ሙዪ።»

እኔ ቁጥሩን ምን ላውቅ!
የማውቀው ሸሚዙን ነው፤ አንገቱ ላይ ላቡ ሲደርቅ
የሚተወውን ነጭ ጨው፤ ከጉልበቱ የሚለቅ
የአሸዋ ቀለሙን፤ አራተኛው ቁልፍ ቶሎ እንደሚወልቅ።
ሦስተኛዋን ምልክት፣ ረቂብ የሆነ ዕለት፣
ከክንዱ ላይ የሰፋኋት እኔ ነኝ፣ በድርብ ክር፣ በሌሊት፤
ሳሎን አክስቶቹ እልል ሲሉ፣ ጣቴን መርፌ ወግቶት።

አባቴ ይመር ሲያወጋ፣ ከአባቱ የሰማውን፣
«ድሮ» ይለን ነበር፣ «አበዳሪ ባለዕዳውን
ዳኛ ፊት ካቆመው፣ ነጠላን ከነጠላ
ጫፍ ለጫፍ ይቋጥራሉ፤ ቁራኛ ነው ከዚያ ኋላ።
አንዱ ወንዝ ሲወርድ ሌላው ይወርዳል፤ አንዱ ሲያስል
ሌላው ይነቃል። ዕዳው እስኪያልቅ መንታ ናቸው።»

ያን ሌሊት ጀሊብ፣ ስድስት ሆነን በተከራየናት ክፍል፣
ሻሼን ከቀበቶው ጋር በሐሳቤ ቋጠርኩት።
ዘብ ሲቆም አብሬ ቆምኩ፤ «ግራ ዙር!» ሲሉት ዞርኩለት።
ሻምበሉ «ይቺ ማናት?» ቢለው፣
«ዕዳዬ ናት» አለ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ሰብሮ ወደ መሬት።

ከሦስት ወር በኋላ ደብዳቤ ከጦሩ መጣ፦
ከደሞዙ ሩቡ ብቻ ነው በሕግ የሚወጣ።
ከሩቡም መጀመሪያ የፈታት ሚስቱ ቀለብ፤ ቀጥሎ ባንክ፤
ቀጥሎ የመኪናው ኩባንያ። የተረፈው ለኔ ልክ
አሥራ ሰባት ዲናር።
ዑስታዝ ረእፈት ማስሊያውን ነካክቶ፣ ወደኔ አዞረልኝ፦
«ሰባ አራት ወር። በሰባ አምስተኛው ሁለት ዲናር።»

«ቢሞትስ?» አልኩት።
«ቢሞት፣ ወራሾቹን ትጠይቂያለሽ።»
«ቢባረርስ?»
«ቢባረር፣ ወረቀትሽን ታቅፈሽ ትተኛለሽ።»
«ቢሾምስ?» መነጽሩን አወለቀ።
«እሱን» አለ፣ «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።»

እኔ ነኝ፤ በአሥራ አራት ወር አንዴም ያልመረቅኩት፣
ሸሚዙን ስጨምቅ አንገቱን በልቤ የጨመቅኩት፤
እኔው ነኝ፣ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑ ድንበሩን ሲያሳይ፣
ከበረሃው ወዲያ ሲቀላ ሰማይ፣
አምስቱ ሴቶች እንዳይነቁ በባዶ እግሬ ተነሥቼ
በመጸዳጃው በር አጠገብ ስጋጃዬን ዘርግቼ፦

ያ ረቢ፣ ጠብቀው። ጥይት አይንካው፤ ጉንፋንም።
አለቃው ይውደደው። በሰልፍ አይርፈድበት፤ ከማንም
አይጣላ። ከተኛ አንቃው። ጫማው ይወልወልለት።
ያንን ክንዱን አደራ፤ ሌላ ምልክት ጨምርበት፤

የሚሰፋለት ካጣ፣
መርፌው እኔ ዘንድ ነው።